ሁለቱ ጃኮሞዎች

ማይክሮዌቩ ጮኸ። የእማማ ሸዋወርቅ ታሪክ ግን ገና ድልድዩ ጋ ነበር።

«ኤጭ! አሁንም አለቀብኝ!» አሉ፣ የወጥ ማንኪያውን እንደ ማይክራፎን አፋቸው ላይ እንደያዙ። «ማኪዬ፣ እስቲ እንደገና ሦስት ደቂቃ አስጀምሪልኝ።»

ማክዳ ከወንበሯ ተነስታ ቁልፉን ተጫነች። ባዶው ማይክሮዌቭ እያጉረመረመ መዞር ጀመረ። አያቷ ነገ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጡትን ምስክርነት እየተለማመዱ ነው። የመድረክ መሪው ጋሼ ብዙአየሁ ምስክርነት ከሦስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ደንብ ካወጡ ቆይተዋል። አንድ እሑድ አንዲት እናት ከሱዳን በረሃ ጀምረው ካናዳ ኤርፖርት ሳይደርሱ የስብከቱ ሰዓት አልቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው ሰዓት መያዝ የተጀመረው።

«ጌታ ይመስገን፣ ወገኖቼ» ብለው እማማ እንደገና ጀመሩ። «ስሜ ሸዋወርቅ ወልዴ ነው። ወልዴ ግን አባቴ አይደለም፤ የእናቴ አባት ነው፤ ያሳደገኝ። አባቴ ጣሊያን ነው። ‹የማን ልጅ ነሽ?› ባሉኝ ቁጥር አንገቴን ስደፋ ነው የኖርኩት። ጌታ ግን በልጅ ልጄ እጅ አባቴን ፈልጎ አገኘልኝ! ሚስት እንኳ አላገባም። እናቴን እንዳሰበ ነው የሞተው…»

ማክዳ ጆሮዋን መድፈን አማራት። «እናቴን እንዳሰበ» የምትለዋን እሷ አላለችም፤ እማማ ራሳቸው ናቸው የጨመሯት። የቀረውን ግን ያለችው እሷ ናት። የቀረው ደግሞ ውሸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ የተወለዱት ወሎ ነው፣ ጣሊያን አገር ይዞ በነበረበት ዘመን። አባታቸው ለመንገድ ሥራ የመጣ ግንበኛ ነበር። እንግሊዞች ሲገቡ ተማርኮ ተወሰደ፤ እማማ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃን ነበሩ። ከእሱ የቀረላቸው ነገር ቢኖር ከመንደራቸው በታች የሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው። ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ አንዱ ድንጋይ ላይ ስሙንና ያገሩን ስም ቀርጾበት ነበር። ትንሿ ሸዋወርቅ ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር ጣቷን በተቀረጹት ፊደላት ውስጥ ታስኬዳለች። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷ ግን ቅርጹን ያዘው። ከስንት ዘመን በኋላ፣ ካልጋሪ ውስጥ፣ ዋይትሆርን ሰፈር ባለችው ቤታቸው፣ ማክዳ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብለው ድንገት እርሳሷን ተቀበሏትና ፊደላቱን እንደ ሥዕል አንድ በአንድ ሣሏቸው። ጃኮሞ ዞርዚ፣ ሳን ቪቶ ይላል።

«ይህን ሰው እስቲ ኢንተርኔቱን ጠይቂልኝ» አሉ፣ ጎረቤት ላኪልኝ እንደሚሉ ሁሉ።

የዚያ ቤት ወረቀት በሙሉ የማክዳ ዕጣ ነው። በዚያን ጊዜ ካልጋሪ ውስጥ የማይሮጥ ሰው አልነበረም። ነዳጁ ከተማውን አሳብዶታል፤ መሀል ከተማው ክሬን በክሬን ሆኗል፣ የየሱቁ መስኮት «ሠራተኛ እንፈልጋለን» ተለጥፎበታል፣ ቤት ኪራይ የሚያገኝ ሰው እንደ ሎተሪ አሸናፊ ይታያል። አባቷ ዘነበ ሰሜን ካለው የነዳጅ ካምፕ አልፎ አልፎ ለዓይን ያህል ብቅ ይላል። እናቷ ውብነሽ ከአረጋውያን መንከባከቢያው ሺፍት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስለዚህ የታክሱም፣ የኪራዩም፣ የሐኪም ቀጠሮውም ፎርም የአሥራ አራት ዓመቷ ማክዳ ጋ ይመጣል። እሷም እያጉረመረመች ትሞላለች።

ይህን ሥራ ግን ወደደችው። ጣሊያን አገር ልደቱንም ጋብቻውንም ሞቱንም ማዘጋጃ ቤት እንደሚመዘግብ፣ ጥምቀቱንና ሠርጉን ደግሞ የየቀበሌው ቤተ ክርስቲያን እንደሚጽፍ አንብባ ተረዳች። በኮምፒውተር አስተርጓሚ እየታገዘች ለሁለቱም ጻፈች። መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ መለሰች። በዚያች ትንሽ ከተማ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ጃኮሞ ዞርዚዎች አሉ፤ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ እንዳገሩ ልማድ ሁለቱም በአያታቸው ስም ተጠርተዋል። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የሞት መዝገቡ እንደሚለው ሚስት ሳያገባ በ1952 ሞተ። ሌላው ግንበኛ ነው። «የግንበኛውን ነገር ቤተ ክርስቲያኑን ጠይቁ፤ የዚያን ዘመን የጋብቻ መዝገባችን በጦርነቱ ተቃጥሏል» ብላ ነበር ሴትዮዋ።

የቄሱ መልስ የደረሰው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ክፉ ሰዓት መረጠ።

ጓደኛዋ አሪጅ ደጅ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቃታለች። የአሪጅ ወንድም ኸባብ ትምህርቱን ትቶ የነዳጅ ቁፋሮ ገብቶ ቀይ ፒክአፕ ገዝቷል፤ ያን ቀን ከከተማው ውጭ ኮክረን ወስዶ ቁልቁለቱ ላይ በረዶ ሊያንሸራትታቸው ነው። ማክዳ አንድ እጇ ጃኬት ውስጥ፣ አንድ እጇ ማውዙ ላይ ነበር። ኸባብ ጡሩምባውን አንባረቀው።

«ግንበኛው ጃኮሞ ወደ አፍሪካ ከመሄዱ በፊት በቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ ፈጽሟል» ይላል የቄሱ መልስ። «ከምርኮ ተመልሶ ከሚስቱ ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ ኖሯል። ከጦርነቱ በኋላ የተወለደችው ልጁ ሊና ዛሬም በየሳምንቱ መሠዊያችንን በአበባ ታስጌጣለች። ስለ እናንተ ብነግራት ትፈቅዳላችሁ?»

«ምን አለ ቄሱ?» አሉ እማማ ከኋላዋ ቆመው።

ማክዳ ዞር አለች። የእማማ እናት ወለተማርያም «ሚስት የለኝም ብሎኝ ነው፤ እኔ የማንም ቅምጥ አይደለሁም» እንዳሉ ነው የሞቱት። እማማም በልጅነታቸው በዚህ ነገር ምንጭ ዳር ስንቴ እንስራ እንደተሰበረባቸው ለማክዳ አጫውተዋታል። አሁን ቆመው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ጡሩምባው እንደገና ጮኸ።

«አገኘሁት፣ እማማ!» አለች። «ሚስት አላገባም። በ1952 ነው የሞተው።»

«በኛ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

«እልልልል! ግንበኛ ነው አይደል ታዲያ?»

«እ… ኋላ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ» አለችና ሁለተኛውን እጇን ጃኬቱ ውስጥ እየከተተች ሮጠች።

እውነቱን ለመናገር ኮክረን ላይ ደስ ብሏት ነበር የዋለችው። ጮኻለች፣ ተገለባብጣለች፣ ጓንቷን ጥላለች። ማታ ስትመለስ ግን የቤቱ ስልክ ትኩስ ሆኖ ጠበቃት። እማማ ግማሹን ካልጋሪ ደውለው አዳርሰውታል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ማክዳን ግን እያደር ከበዳት።

ማይክሮዌቩ አሁንም ጮኸ። «አሜን!» አሉ እማማ በድል አድራጊነት። «ዛሬስ ቀደምኩት!»

ማክዳ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባችና አሪጅ ጋ ደወለች።

«ሶ ምንድን ነው ፕሮብሌሙ?» አለች አሪጅ፣ ማስቲካ እያኘከች። «ሁለቱም ጃኮሞ ናቸው፣ ሁለቱም ሞተዋል። ላይክ፣ ማን ሊያጣራ ነው?»

«ነገ እኮ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚመሰክሩት!»

«ሀፒ ናቸው አይደል?»

«በጣም።»

«በቃ ዝም በያ! ደግሞ ብትነግሪያቸው ሲሪየስሊ ልባቸው ነው የሚሰበረው። ሚስት ነበረው ልትያቸው? እኔ አፍሬ እሞታለሁ።»

ማክዳም የፈራችው ይህንኑ ነው። ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። ውጭ ነፋሱ ተለውጧል። በጥር ብርድ መሀል ከተራሮቹ በኩል የሚመጣው ያ ሞቃት ነፋስ፣ ቺኑክ የሚሉት፣ ጣሪያውን እያንኳኳ በረዶውን ያንጠባጥብ ጀምሯል። ቺኑክ ሲነፍስ ሰውም ውሻም ዕረፍት ያጣል ይላሉ ያገሩ ሰዎች። ማክዳ ግን ነፋስ አላስፈለጋትም።

በማግስቱ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ውብነሽ ሺፍት ላይ ናት። እማማ ሐምራዊ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ታቅፈው፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አሁንም እየተለማመዱ ነው። አውቶቡሱ የውሃ ሽታ ሆኗል። ሹፌሮቹ ሁሉ ነዳጅ ቁፋሮ ሄደው አልቀዋል እየተባለ የሚቀለድበት ጊዜ ነው። ማክዳ በቀለጠው በረዶ ላይ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች።

«ምን አቅበጠበጠሽ? ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ እኮ!»

«እማማ፣ ዛሬ አይመስክሩ።»

«ምን አልሽ?»

«ዋሽቼዎታለሁ።» ይህን ካለች በኋላ የቀረው እየተንጠባጠበ መጣ። «ጃኮሞዎቹ ሁለት ናቸው። የነገርኩዎት ዳቦ ጋጋሪውን ነው። የእርስዎ አባት… ግንበኛው… ሚስት ነበረው። ከመምጣቱ በፊት ነው ያገባው። ሲመለስም ከእሷ ጋር ኖረ።»

እማማ መጽሐፍ ቅዱሱን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«እናቴን ዋሽቷታላ» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ምስኪን፣ ሰው በሰደባት ቁጥር ስትምልለት ነው የኖረችው። በሞት አልጋዋ ላይ ሳይቀር ምላለታለች።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ግን ቁጣ ነበረበት። «እሱስ የሞተ ሰው ነው። አንቺስ? ማይክራፎን አስጨብጠሽ ጌታ ፊት ልታስዋሺኝ ነበር?»

«ቸኩዬ ነበር፣ እማማ። ደግሞ ደስ እንዲልዎት…»

«የቱ ይቀድማል? መቸኮልሽ ነው እኔን ማስደሰትሽ?»

ማክዳ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «መቸኮሌ።»

«እህ! አሁን ገና እውነት ተናገርሽ» አሉ እማማ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። አውቶቡሱ መጣና እያለከለከ ቆመ። ክንዷን ስታቀርብላቸው አልያዙትም፤ ብረቱን ጨብጠው ብቻቸውን ወጡ። ማክዳን ከቁጣው ሁሉ ይቺ አመማት።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። እማማ በመስኮቱ በኩል ይመለከታሉ፤ ማክዳ የጫማዋን ጫፍ ትመለከታለች። ኢንተርናሽናል አቬኑ ደርሰው የቬትናሞቹን ሾርባ ቤትና የሐበሻውን ሥጋ ቤት ሲያልፉ እማማ ሳይዞሩ ጠየቁ።

«ልጅ ወልዷል?»

«አንዲት ሴት። ሊና ትባላለች።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች። ቤተ ክርስቲያኑን በአበባ ታስጌጣለች አለ ቄሱ። ልንገራት ወይ ብሎም ጠይቆኝ ነበር።»

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ምንም። አልመለስኩለትም።»

እማማ አሁን ሙሉ ሰውነታቸውን ይዘው ዞሩ። «እህቴን?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየ። «እህቴን ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ደጅ ያቆምሽብኝ?»

ሊና የምትባለው ሴት ለማክዳ የዚያች ሚስት ማስረጃ ነበረች፤ የሚደበቅ ነገር። እህት የምትለው ቃል በአእምሮዋ ሽው ብላ አታውቅም።

«ግን እማማ… የሚስቱ ልጅ እኮ ናት።»

«ታዲያስ? የአባቴ ልጅ አይደለችም? የአባት ልጅ እህት ካልሆነች ማን ሊሆን ነው እህት?» አሉና በመዳፋቸው ደረታቸውን መቱ። «ብቸኛ ነኝ ብዬ፣ ወንድም የለኝ እህት የለኝ እያልኩ ስንት ዘመን! ከጦርነቱ በኋላ ነው የተወለደችው አልሽ?»

«አዎ።»

«ታናሼ ናታ! ውይ ልጄን… ታናሽ እህት አለችኝ!» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ደግሞ ማክዳን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «አሁንም ተቆጥቻለሁ። እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ማክዳ። የሚወርዱበት ሲደርስ ክንዷን እንደገና አቀረበችላቸው። እማማ ትንሽ አሰቡና ያዙት።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚከራዩት አዳራሽ ነው። ከመዝሙሩ በኋላ ጋሼ ብዙአየሁ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው መድረኩ ላይ አስቀመጡ።

«አሁን ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ምስክርነት አለ» አሉ ፈገግ ብለው። «እትዬ ሸዋወርቅ፣ ይምጡ። ሦስት ደቂቃ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ማክዳ ፊቷ እሳት ሆነ። እማማ ቀስ ብለው ወጥተው ማይክራፎኑን እንደ ማንኪያው ያዙት።

«ጌታ ይመስገን፣ ወገኖቼ። ምስክርነት አለኝ ብዬ ለሁላችሁም ደውዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ምስክርነት የለኝም። የጸሎት ርእስ ነው ያለኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባቴ ባለትዳር ሆኖ ነው እናቴን ያገኛት። እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። ግን ጣሊያን አገር እህት አለችኝ። መኖሬን አታውቅም። ስታውቅ ባባቷ ታዝን ይሆናል፤ እኔንም አላውቅሽም ትለኝ ይሆናል። እሺ እንድትለኝ ጸልዩልኝ። ባትለኝም የምችልበት ልብ እንዲሰጠኝ ጸልዩልኝ። ጨርሻለሁ።»

ጋሼ ብዙአየሁ ሰዓታቸውን አዩ፤ ገና አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ለእንዲህ ዓይነት ነገር አልተዘጋጁም ነበርና መነጽራቸውን አውልቀው «እንጸልይ» ብቻ አሉ። እማማ ስለ ማክዳ ውሸት አንድ ቃል አልተናገሩም። ማክዳ አንገቷን ደፍታ፣ ምነው በተናገሩ ኖሮ ብላ ተመኘች።

ቤት እንደገቡ እማማ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በይ፣ ጻፊ።»

«መጀመሪያ ለቄሱ ነው፣ እማማ። ለእሷ የሚሰጣት እሱ ነው።»

«ይሁን። ለእሷ ግን መጀመሪያ ደህና ነሽ ወይ በያት። ጤናዋን ሳትጠይቂ ስለ አባት እንዳታነሺ። ታላቅ እህትሽ ነኝ በያት። አበባውን ሰምቻለሁ በያት።»

ማክዳ የቄሱን ደብዳቤ ከፈተች። ያ ጥያቄ እዚያው ነበር፤ ትፈቅዳላችሁ ወይ የሚለው። ጣቶቿን ፊደላቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። እማማ ያላዘዟትን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ጻፈች፦ ጥያቄዎን የዚያኑ ዕለት አይቼው ነበር፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ እንጂ አያቴ አይደሉም።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አሉ እማማ፣ ስክሪኑን በማይነበብላቸው ፊደል እያዩ። ማክዳ በአማርኛ ነገረቻቸው። እማማ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉት።

ደጅ ላይ ጡሩምባ ጮኸ። ማክዳ ብድግ ብላ መስኮቱ ጋ ሄደች። ቀዩ ፒክአፕ ቆሟል፤ አሪጅ አንገቷን አውጥታ በሁለት እጇ ትጠራታለች። ቺኑኩ በረዶውን ጨርሶ አስፋልቱን ውሃ አድርጎታል፣ ፀሐዩም ለጉዞ የሚጋብዝ ነው። ማክዳ እጇን አንሥታ አይሆንም አለቻትና መጋረጃውን መለሰች።

ጡሩምባው ሁለተኛ ጮኸ። ማክዳ ግን ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ ነበር።

«እሺ፣ እማማ» አለች። «አበባውን ሰምቻለሁ። ከዚያስ?»